ስለ ካርድ ታሪክና ጥቅም

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ የመጻፍን ጥቅም በሚገባ ይገልጣል። ነገር ግን የተጻፈው ሁሉ በተፈለገ ጊዜ ይገኛል ማለት አይደለም። በወፍራም መዝገብ ውስጥ ከብዙ ነገር ጋራ ተደባልቆ የተጻፈ ጉዳይ፥ ፈላጊው ገጹን ካላወቀው፥ እንዳልተጻፈ ይቈጠራል። ይህን ችግር ያቃለለው ሕዝባችን «ካርድ» ብሎ የሚጠራው ትንሽ ወረቀት ነው። ስለዚህ ታሪኩንና በተለይም በወላይታና በአካባቢዋ የሚሰጠውን አገልግሎት በአጭሩ ለመግለጥ አስበናል።

ካርል ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በ18ኛው መቶ ዓመት የዕፀዋትንና የእንስሳትን ስም ሲያከማች፥ በየጊዜው አዲስ ነገር እየተገኘ ጥራዙ ስላልበቃው፥ በመጨረሻው ዘመኑ ለእያንዳንዱ ነገር ልኩ የተስተካከለ አንዳንድ ወረቀት መመደብ ጀመረ። በፈረንሳይ አገርም እ.ኤ.አ. በ1791 ከአብያተ ክርስቲያናት የተወረሱትን መጻሕፍት ለመመዝገብ፥ ጀርባቸው ባዶ የሆነ የመጫወቻ ካርታዎች እንዲያገለግሉ መንግሥቱ አዘዘ። የሁለቱም ብልሃት አንድ ነው። በጥራዝ መካከል አዲስ ቃል ማግባት ያስቸግራል፤ ካርድ ግን ሌላውን ሳያውክ ይገባል፥ ይወጣል፥ ቦታውንም ይለውጣል።

ወላይታ ቀድሞ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ነበረች፤ ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ያለች ዞን ናት። በዋና ከተማዋ በሶዶ፥ ሕዝቡ ኦቶና እያለ ወደሚጠራው ሆስፒታል የሚሄድ ሕመምተኛ፥ እንደ ማናቸውም የአገራችን ሕመምተኛ፥ ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት ካርድ ያወጣል። በአገራችን ሰው የሚታወቀው በራሱና በአባቱ ስም ስለ ሆነ ሞክሼ ይበዛል፤ ስለዚህም የሕመምተኛው ሰነድ የሚለየው በቁጥር ነው። ቁጥሩ የተጻፈበት ትንሽ ካርድ ከባለቤቱ ዘንድ ይቀመጣል። ይህ ሲጠፋና ሰነዱ ሳይገኝ ሲቀር፥ ቀድሞ የታየው በሽታ፥ የተሰጠው መድኃኒት፥ ያልተስማማውም መድኃኒት ሁሉ ከሐኪሙ ዓይን ይሰወራል።

ካርድ ከሰነድነቱ አልፎ መልእክተኛ የሆነበትም ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር፥ በዚያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። የዘመቻው ሠራተኞች ፈንጣጣ የወጣበት ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበትን ካርድ ይዘው በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ እያሳዩ፥ እንዲህ ያለ በሽተኛ ያየ ሰው እንዳለ ይጠይቁ ነበር። ብዙ ቋንቋ በሚነገርባት አገራችን ይህ ሥዕል ፊደል ላልቈጠረውም ሰው ይናገር ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ እ.ኤ.አ. በ1976 ተገኘ፤ በሽታው ከዓለም መጥፋቱም በ1980 ታወጀ።

እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት ከተጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ ወላይታ በነበረችበት በቀድሞው የደቡብ ክልል ለየቤተ ሰቡ ማኅደር ተከፈተ። በየጤና ኬላውም ለየወሩ ክፍል ያለው የካርድ ሣጥን ተዘጋጀ። አንዲት ነፍሰ ጡር በኅዳር የምትታይ ብትሆን ካርዷ በኅዳር ክፍል ይቀመጣል፤ በመጣችም ጊዜ ወደሚቀጥለው ቀጠሮዋ ወር ይዛወራል። ወሩ ሲያልቅ በክፍሉ ውስጥ የቀረው ካርድ ያልመጣችውን እናት ያመለክታል፤ ሠራተኛዋም ቤቷ ድረስ ሄዳ ትጠይቃታለች። ጥራዝ መዝገብ የመጡትን ይቈጥራል እንጂ የቀሩትን እንዲህ በቀላሉ አያሳይም።

እናትም በበኩሏ የልጇን የክትባት ካርድ በቤቷ ትጠብቃለች። የጤና ጥናት አድራጊዎች ወደ ቤቷ ሲመጡ አስቀድመው የሚጠይቁት ይህንኑ ካርድ ነው፤ ካርዱ ከሌለ ግን በእናቲቱ ትዝታ ላይ መደገፍ ግድ ይሆንባቸዋል። ተማሪውም የዓመቱን ድካሙን ውጤት የሚያየው በካርድ ነው፤ የስልክ ሒሳብ የሚሞላውም ሰው፥ ወረቀቱ ቀርቶ በሌላ መንገድ ቢከፍልም እንኳ፥ ዛሬም «ካርድ ሞላሁ» ይላል።

በአሁኑ ዘመን ኮምፒዩተር የካርዱን ሥራ በየጊዜው እየተረከበ ነው፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ በወረቀት ላይ ስሙን አሳስቶ፥ ቁጥሩን አዛብቶ የሚጽፍ ሠራተኛ በኮምፒዩተርም ያንኑ ይደግማል። በየመሥሪያ ቤታችን በካርድ ክፍል የሚቀመጠው ሠራተኛ ሥራው እንደ ዝቅተኛ ሲታይ እናያለን። እርሱ አንዱን ካርድ ያለ ቦታው ቢሰካው ግን፥ ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ የመጣች ሴት ሐኪሙ ፊት እንደ እንግዳ ትቆማለች። ስለዚህ በየቢሮው ያለን ሁላችን ይህን ሥራ በአክብሮት ልናየው፥ የሚሠራውንም ሰው በትምህርትና በመሣሪያ ልንረዳው ይገባናል።