ቦይለራችሁን የሚያቆየው የ200 ዓመት ሐሳብ

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከከተማዋ በታች፣ ጫካው ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። የምንጭ ውሃ በዓለት መሃል ሲያልፍ ማዕድን ያሟሟል። ሲሞቅ ከፊሉ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ቦይለሩ ውስጥ ይጋገራል። ያረጀ ቦይለር የሚንጫጫውና ለማሞቅ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ዝገቱስ? እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1824 የመርከብን የመዳብ ልባስ የባሕር ውሃ እንዳይበላው ብረት ወይም ዚንክ አያያዘበት። የተያያዘው ተበላ፤ መዳቡ ተረፈ። ዛሬ በብዙ ቦይለሮች ውስጥ ያለው የማግኒዥየም ዘንግም ሥራው ይኸው ነው፦ ለታንከሩ ሲል እሱ ይበላል። እሱ ሲያልቅ ተራው የታንከሩ ነው!

ስለዚህ ሙቅ ውሃው ብቻ ቀላ ማለት ከጀመረ «አርጅቷል» ብላችሁ አትጣሉት፤ ኤሌክትሪኩ ይጥፋና ባለሙያ ዘንጉን ይየው። ታንከሩ ራሱ ከተበሳ ግን መቀየር ነው።