ውሳኔው ታች ነው

ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነስቶ ወደ ጨንቻ ብርድ የወጣ ሰው ልዩነቱን በትንፋሹ ያውቀዋል። ከተማዋ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጉጌ ተራራ ጫፍ ደግሞ 4,200 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ስንወጣ የምንፈራው ለሳንባችንና ለጉልበታችን ነው። ታሪክ ግን ሌላ ይላል፦ ኦክስጅን ሲያንስ አስተዋይነታችንም ይሰረቃል፤ ባለቤቱም መሰረቁን አያውቅም።

ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ፖል ቤር ፓሪስ ውስጥ አየር የሚሳሳበት ክፍል ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1874 ክሮሴ ስፒኔሊና ሲቬል የተባሉ ፊኛ በራሪዎች እዚያ ገብተው ተለማመዱ። አየሩ ሲሳሳ መፍዘዛቸውን፣ ኦክስጅን ሲስቡ መንቃታቸውን በራሳቸው ላይ አዩ። የዛሬ ተራራ ወጪዎች በአነስተኛ ኦክስጅን ለሚያደርጉት ልምምድ ቅድመ አያቱ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

በዓመቱ፣ ኤፕሪል 15 ቀን 1875፣ ከጋስቶን ቲሳንዲዬ ጋር ሆነው ዜኒት በተባለ ፊኛ ከ8,000 ሜትር በላይ ወጡ። ኦክስጅን ይዘዋል፤ ግን ጥቂት ስለሆነ «የግድ ሲሆን እንጠቀማለን» ብለው ቆጠቡት። የግድ ሲሆን ቲሳንዲዬ ቱቦውን ልያዝ ቢል እጁ እምቢ አለው። ኋላ እንደጻፈው አልጨነቀውም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር። ሁለቱ ጓደኞቹ ሞቱ። እሱ ተረፈ፤ ጆሮው ግን ደነቆረ።

ልብ በሉ፤ ልምምድ አልጎደላቸውም። ስህተታቸው ውሳኔውን ለሚደክመው አእምሮ መተዋቸው ነው።

«እኛ እኮ ደገኞች ነን» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት፣ ሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ ሰዎች የደም ኦክስጅን 95 በመቶ ገደማ ነበር፤ የቆላ ሰው ያህል ማለት ነው። የጋሞ ደጋ ሸማኔም ብርዱ ውስጥ ድርና ማጉን ሳይስት ሲሸምን ይውላል። ግን የተለካው ደም እንጂ ፍርድ አይደለም። ደግሞ አርባ ምንጭ ያደገ ልጅ ደጋ ላይ እንግዳ ነው።

ጉጌ 8,000 ሜትር አይደለም፤ ቢሆንም ጫፉ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። ጉም፣ ድካምና እልህ ሲጨመሩበት አንድ የተሳሳተ እርምጃ ይበቃል። ስለዚህ የመመለሻ ሰዓታችሁን አርባ ምንጭ ሆናችሁ ቁረጡ፤ ለጓደኛችሁም ንገሩት። ሰዓቱ ሲደርስ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ እንቀጥል» ብትሉት እንዳይሰማችሁ። ቲሳንዲዬም ደህና ነኝ ብሎ ነበር ያሰበው።