ካሳፎርማው መቼ ይነሣል? የከባድ ድባቴ የረዥም ጊዜ ሕክምና አጭር ታሪክ

አርማታ በፈሰሰ በጥቂት ቀን ውስጥ ፊቱ ይደርቃል፤ ጥንካሬው ግን በዓይን አይታይም። ካሳፎርማው መቼ ይነሣ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የዓይን ግምት ሳይሆን የሙከራ ውጤት መሆኑን የማኅበራችን አባላት ጠንቅቀው ያውቁታል። በሕክምናውም ዓለም ይህን የሚመስል ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል፤ ይኸውም ከከባድ ድባቴ ያገገመ ሰው፣ በተለይም ሕመሙ የሌለ ድምፅ ከመስማትና ከሐሰት እምነት ጋር ተጣምሮ የመጣበት ሰው፣ መድኃኒቱን እስከ መቼ ይውሰድ የሚለው ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ደዌ ከተራ ኀዘን ጋር መምታታት የለበትም። ሕመምተኛው ኃጢአቴ ይቅር አይባልም፣ አንጀቴ በስብሷል፣ ሀብቴ ሁሉ ጠፍቷል ብሎ ያምናል፤ ቤተሰቡ ማስረጃ ቢደረድርለትም አይመለስም። ምግብ እስከ መተው ይደርሳል፤ ራሱን የማጥፋቱም አደጋ ከፍ ያለ ነው።

መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ሐኪሞች የነበራቸው ብርቱ መሣሪያ በ1938 በሮም ከተማ ቸርሌቲና ቢኒ የጀመሩት የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና ነበር። ዛሬም በማደንዘዣ እየተሰጠ ለዚህ ደዌ ፈጣን ከሚባሉት ሕክምናዎች አንዱ ነው፤ ነገር ግን ክትትል ካልተደረገበት ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል። በ1952 በፓሪስ ደሌና ደኒኬር ክሎርፕሮማዚን የተባለውን መድኃኒት አእምሯቸው ለታወከ ሰዎች ሰጥተው ውጤቱን አሳወቁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የስዊስ ሐኪም ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን ድባቴን እንደሚያነሣ አስተዋለ። መድኃኒቱ መጀመሪያ የተሞከረው ለሌላ ሕመም ነበርና ለዚያ ሳይሠራ ቀርቶ ነው ለዚህ የዋለው። ኩን በ1957 ግኝቱን በዙሪክ ጉባኤ ሲያቀርብ ያዳመጡት ሰዎች ወደ ደርዘን የሚጠጉ ብቻ ነበሩ ይባላል። በእኛም ሙያ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የቀረበ ጥሩ ጥናት ብርቅ አይደለም!

እንግዲህ ለአእምሮ መታወክ አንድ መድኃኒት፣ ለድባቴ ሌላ መድኃኒት ተገኘ። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ የሚሆነው ግን በግልጽ የታየው ዘግይቶ ነው። በ1975 ግላስማንና ባልደረቦቹ የሐሰት እምነት ያለባቸው የድባቴ ሕሙማን በኢሚፕራሚን ብቻ ብዙም እንደማይሻላቸው አሳዩ። በ1985 ደግሞ ስፓይከርና ባልደረቦቹ ሁለቱን ዓይነት መድኃኒቶች ለየብቻና በጥምር ፈተኗቸው። በፐርፌናዚን ብቻ የተሻላቸው 19 በመቶ፣ በአሚትሪፕቲሊን ብቻ 41 በመቶ፣ በሁለቱ ጥምር ግን 78 በመቶ ነበሩ። ሁለት ምሰሶዎች ለየብቻቸው ያልቻሉትን ጭነት በአንድነት ተሸከሙት ማለት ነው።

ይህ ስለ ማዳን ነው። ስለ ማቆየትስ? የዛሬ መድኃኒቶች ለዚህ ጥያቄ የቀረቡት በ2019 በታተመ ጥናት ነው። በሰርትራሊንና በኦላንዛፒን ጥምር ተሽሏቸው ለሳምንታት ከጸኑት ሕሙማን መካከል 126ቱ በዕጣ ተከፈሉ። ሰርትራሊኑ ለሁሉም ቀጠለ። ኦላንዛፒን ግን ለ64ቱ ሲቀጥል፣ ለ62ቱ ተነሥቶ በምትኩ ፍሬ ነገር የሌለው ክኒን ተሰጣቸው። በ36 ሳምንት ውስጥ ከቀጠሉት 13ቱ፣ ከተነሣባቸው ደግሞ 34ቱ ሕመሙ አገረሸባቸው።

ቁጥሩ የማያሻማ ይመስላል፤ እኔ ግን በሁለተኛው ረድፍ የቀሩት 28 ሰዎች ይበልጥ ያሳስቡኛል። ድጋፉ ተነሥቶባቸው አልወደቁም። አርማታ ቢሆን ናሙና ወስደን በመጭመቂያ ማሽን እንሰብረውና የሌላውን ጥንካሬ እናውቅ ነበር። ሰው ግን ናሙና የለውም፤ ማን እንደሚጸና አስቀድሞ የሚናገር መለኪያም እስካሁን በሐኪሞች እጅ አልገባም። ድጋፉን ማቆየትም በነፃ አይደለም። በዚያው ጥናት ኦላንዛፒን የቀጠሉት ክብደት ሲጨምሩ የተዉት ቀንሰዋል፤ ክብደት ደግሞ የስኳርና የልብ ሕመምን ይጎትታል። ስለዚህ እንደ ማሽን ዘይት በየጊዜው መጨመር ነው የሚለው ምሳሌ፣ እኛ መሐንዲሶች የምንወደው ቢሆንም፣ እዚህ ላይ አያዛልቅም። ዘይት ማሽኑን አያወፍረውም።

ከዚህም የተነሣ ሥራው ሁሉ በክትትል ላይ ወደቀ፤ ሚዛን፣ የደም ስኳር፣ የእንቅልፍ ሁኔታ፣ ቤተሰቡ ያየው ለውጥ። መድኃኒቱ የሚቀነስ ከሆነም በሐኪም ዓይን ሥር፣ ቀስ በቀስ ነው። በአገራችን ይህን ሸክም በብዛት የተሸከሙት የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ናቸው፤ ሥልጠናቸውም በ1987 በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ተጀመረ። ከሩቅ ወረዳ ለሚመጣ ሰው አንድ ቀጠሮ ማለት የመሳፈሪያ ገንዘብና የሁለት ቀን ሥራ ነው። ደኅና ነኝ ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ሁሉ ሰነፍ አይደለም፤ ከሒሳቡ ጎን የተቀመጠውን ወጪ ማንም ስላልቆጠረለት ነው። በየመሥሪያ ቤታችን በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ፈቃድ የሚጠይቅ ባልደረባ ምክንያቱን ላይናገር ይችላል፤ የሚሄደው ግን ለዚሁ ልኬት ሊሆን ይችላል።