የጨጓራችን ታሪክ፤ ከኮሶ እስከ ባክቴሪያ

ፎገራ ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ሩዙና ወተታሟ ላሙ ነው። ወረታ ቡና እየጠጣ ጨዋታ ላዳመጠ ግን ሌላም ርዕስ አይጠፋም፤ ጨጓራ። አንዱ «በርበሬው ነው» ይላል፣ ሌላው «ንዴት ነው»፣ ሦስተኛው ጾሙን ይከሳል። እስቲ ዛሬ ይህን ክስ በታሪክ ዓይን እንየው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

የሚገርመው፣ አባቶቻችን ሕይወት ያለው ነገር ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ሰው እንደሚያሳምም ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ጥሬ ሥጋ የበላ የኮሶ ትል ሲይዘው ኮሶ ይጠጣል። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለዚሁ ዛፍ ጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ኮሶ የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ደረሰ።

ትሉ ግን በዓይን ይታያል። የጨጓራው ጠላት አይታይም። ስለዚህ የፈረንጅ ሐኪሞችም ጭምር እስከ 1980ዎቹ ድረስ ቁስለትን በጭንቀትና በአሲድ ያመካኙ ነበር። በ1982 በአውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ከሕሙማን ጨጓራ የተገኘ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ በቤተ ሙከራ አራቡ። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው! በቀናት ውስጥም ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። የባክቴሪያው ስም ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው።

በ2007 የወጣ የዘረመል ጥናት ደግሞ ይህ ባክቴሪያ ከሰው ልጅ ጋር ከምሥራቅ አፍሪካ የተሰደደው ከ58,000 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን አመለከተ። እንግዳ ሳይሆን የአገር ልጅ ነው ማለት ነው። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩም ከሁለት ሰው በአንዱ ላይ ይገኛል። አብዛኛው ተሸካሚ ምንም አይሰማው፤ ጥቂቱ ግን ይቆስላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ1994 ካንሰር አምጪ ከሚባሉት መድቦታል።

ባክቴሪያው በብዛት የሚይዘው በልጅነት ነው፤ በተጣበበ ቤት፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ በሌለበት። ርብና ጉማራ በ2006 እንደሆነው ሞልተው ሜዳውን በሚያጥለቀልቁበት በፎገራ፣ የውኃ ጉድጓድ ጉዳይ የጨጓራም ጉዳይ ነው ብንል አልተጋነነም።

ታዲያ በርበሬ ነጻ ይውጣ? ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ቁስሉን ያመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያው ወይም እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ የሕመም ማስታገሻ ነው። ሲያመን ኦሜፕራዞል ብቻ ገዝተን ብንውጥ አሲዱ ይቀንሳል እንጂ ባክቴሪያው ከቤቱ አይወጣም። በሰገራ ምርመራ ተረጋግጦ ሐኪም ያዘዘው ፀረ ባክቴሪያ፣ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን፣ ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። በአራተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ ማቆም ባክቴሪያውን መድኃኒት ማላመድ ነው።

አባቶቻችን ኮሶውን እያንገሸገሻቸውም ቢሆን ጨልጠውት ነበር የሚነሱት። ክኒኑንም እንደዚያው ብንጨርሰው ምን አለበት?