ሳህኑን ያጎደለው ወንድም

ሚኤሶ ያደገ ልጅ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በእኛ ከተማ አልፎ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቻርሊ ቻፕሊንን ያወቅኩት ግን በታላቅ ወንድሜ ነው። ኪሱ ውስጥ ያለው ሳንቲም አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያስገባው። እኔን ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ አስገብቶ እሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ተናጋሪው ተደባልቆ ተቀምጧል። ፊልሙ ንግግር የለውም፣ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ቻፕሊን ሲወድቅ ሁላችንም እኩል እንስቃለን።

በ1918 በወጣው «የውሻ ኑሮ» ፊልም ላይ አንድ ምግብ ሻጭ አለ። ፊቱን ባዞረ ቁጥር ቻፕሊን ኬኩን አንድ በአንድ ይውጥበታል። ሻጩ ዞር ሲል ሳህኑ ጎድሏል፤ ቻፕሊን ደግሞ ምንም እንዳልነካ ሰው ድርቅ ብሏል። ያ ሻጭ ሲድኒ ቻፕሊን መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። በእናት የሚገናኙ ታላቅ ወንድሙ ነው።

ሁለቱ ባዶ ሳህን በፊልም ብቻ አልነበረም የሚያውቁት። በ1896 ከእናታቸው ከሃና ጋር ለንደን ውስጥ የድሆች መጠለያ ሲገቡ ሲድኒ 11፣ ቻርሊ 7 ዓመቱ ነበር። ሲድኒ ጎረምሳ ሳለ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ለቤተሰቡ ገንዘብ አመጣ። በ1908 ቻርሊን ራሱ ወደሚሠራበት የፍሬድ ካርኖ የኮሜዲ ቡድን አስገባው። በኋላም የራሱን ትወና ገታ አድርጎ ለወንድሙ ውል መደራደር ያዘ። በ1916 ሚውቿል ከተባለው ኩባንያ ጋር የተፈረመው ውል በዓመት 670,000 ዶላር ነበር። ዓለም ያጨበጨበው ለአንዱ ነው፤ ሌላው በር ላይ ቆሞ ነበር።

የኔም ወንድም ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ። እኔ ጭሮ የተማርኩት በእሱ ብር ነው። ልጅ ሆኜ የምስቀው ሌባው ስላልተያዘ ነበር፤ አሁን ግን ዓይኔ ሻጩ ላይ ይቀራል።

በቀደም ያቺን ትዕይንት በስልክ ላክሁለት። ማታ መኪና አቁሞ ደወለ።

«አቦ፣ ይሄ ሰውዬ እያየው ነው'ኮ ዝም ያለው» አለኝ። ቀጥሎ እንደ ልማዱ «አንተ በላህ?»