ከቆጥ ያልወጣችው ጅግራ

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ የባሶ ሊበን ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው ከይጁቤ ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ፣ በደጋው እርሻ ዳር የቆቅን፣ ቈላ ሲደርስም የዚያችን ላባዋ በነጭ ነጠብጣብ የተዥጐረጐረ የጅግራን ጩኸት ሳይሰማ አያልፍም፤ ዳሩ ግን በአንዱ ቤት ቆጥ ላይ ጅግራ ሰፍራ ብትገኝ ጎረቤቱ ሁሉ ጉድ ሊያይ በወጣ ነበር።

ታሪክ ሲመረመር ግን ባዕዲቱ ዶሮ ናት። የትውልድ አገሯ እስያ ሲሆን፣ በትግራይ መዝብር ከተባለው ጥንታዊ ስፍራ በቁፋሮ የወጣው አጥንቷ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ ከእኛ ዘንድ መድረሷን ይመሰክራል። ጅግራ በአንጻሩ የአፍሪካ ተወላጅ ናት፤ ሮማውያን ከሰሜን አፍሪካ ወስደው በግቢያቸው ያረቧት ነበርና፣ ቫሮና ኮሉሜላ ስለ እርሻ በጻፏቸው መጻሕፍት አንሥተዋታል። የደጋችን ቆቅም ቢሆን ባሕር ተሻግሯል፤ ጀርመናዊው ሩፔል ከኢትዮጵያ ጉዞው ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1835 በረዳቱ በኤርክል ስም ያስመዘገበው ይህ ወፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ለአዳኞች ሲባል ሃዋይ ተወስዶ በዚያ ዱር ተራብቷል።

ታዲያ እኛ ስለ ምን ተውናቸው? ቀኖና ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ኦሪት ዘሌዋውያን በ11ኛው ምዕራፍ ሰጎንን ከርኩሳን ወፎች ሲቈጥር ጅግራንና ቆቅን አላነሣም። የሚፈራው በክት ነው፤ ወጥመድ የጣለ ሰው ማልዶ የሚገሠግሠው፣ ነፍሷ ሳይወጣ ደርሶ በስመ አብ ብሎ ለማረድ ነውና።

እውነተኛው ምክንያት ከምድጃው አጠገብ ይገኛል። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ሲፈለፈል የጅግራው 26 እስከ 28 ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሁለቱን ባንድ ቀን ያስታቀፈ ሰው፣ ዶሮዪቱ የራሷን ጫጩቶች ይዛ ስትነሣ ቅርፊቱ የጠጠረው የጅግራ እንቁላል ቀዝቅዞ ይቀርበታል። የጅግራውን አንድ ሳምንት ቢያስቀድምና ቢሳካለት እንኳ፣ ጫጩቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ርጥበትን አይችልም። በሐምሌ የዶሮ ጫጩት በእንቅብ ደፍቶ ከብርድና ከጭልፊት ለማትረፍ የሚደክም የይጁቤ ገበሬ፣ ክንፏ ሲጠና ዛፍ ላይ ወጥታ ለምታድር ወፍ ያን ድካም ሊደግመው አልወደደም፤ ሚስቱም ብትሆን ለፋሲካ 12 ብልት የምታወጣው ከዶሮ ነው።