የወረደ ክለብ ወዴት ይሄዳል?

በእግር ኳሳችን ቋንቋ «ወራጅ ቀጠና» የሚባለው የደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ ነው። የውድድር ዘመኑ ሲያበቃ እዚያ የተገኙ ክለቦች ከፕሪሚየር ሊጉ ይሰናበታሉ፤ በምትካቸው ከከፍተኛ ሊግ ያደጉ ይመጣሉ። ደንቡ የእኛ ብቻ አይደለም፤ እንግሊዝም ጣሊያንም ይሠራበታል። እኛ ዘንድ ግን በደንቡ ላይ ያልተጻፈ አንድ አንቀጽ ያለ ይመስለኛል። የወረደ ክለብ ሊፈርስም ይችላል።

እኔ የምኖረው ሸሕዲ ነው። ከዚህ ቆላ ተነስቶ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው በጭልጋ በኩል ወደ አዘዞ ወጥቶ ጎንደር ፋሲለደስ ስታዲየም መድረስ ነበረበት። እዚያ ይጫወት የነበረው ዳሸን ቢራ በ2008 ዓ.ም ከሀዲያ ሆሳዕና ጋር ከሊጉ ወረደ። በዚያ ዓመት ሊጉ 14 ክለቦች ነበሩት፤ አንድ ክለብ በዓመት 26 ጨዋታ ያደርጋል ማለት ነው። ክለቡ የፋብሪካው ነበር፤ ስሙም ከፋብሪካው፣ ደመወዙም ከፋብሪካው። ከወረደ በኋላ ዳግም ለመውጣት ሲታገል አላየነውም፤ ፈረሰ።

የባለቤቱን ሒሳብ መገመት አይከብድም። ለቢራ ጠማቂ ኳስ ከማስታወቂያ ተለይቶ አይታይም፤ ማስታወቂያ ደግሞ ሰው በሚያየው ቦታ ይሰቀላል። ተመልካቹ ግን ኳሱን በማስታወቂያ ሒሳብ አይመዝነውም። በሰሊጥ አገር የምንኖር ሰዎች ክረምቱ የከፋበትን ገበሬ እናውቀዋለን። ይጎዳል፣ ዕዳ ይገባል፤ እርሻው ግን ለሚቀጥለው ክረምት እዚያው ይጠብቀዋል።

በዚያው በ2008 ዓ.ም ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደገ። ጎንደር በአንድ ክረምት አንዱን አጥታ ሌላውን አገኘች። ፋሲልም ቀደም ሲል ወርዶ የሚያውቅ ክለብ ነው፤ ለዓመታት በታችኛው ሊግ ቆይቷል፤ ግን አልፈረሰም። በ2013 ዓ.ም በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ፣ ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ ይተላለፉ ስለነበር እኛም ከሸሕዲ ሳንነሳ አየነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። በ2009 ዓ.ም ከሊጉ ሲወርድ የወንዶች ቡድኑ ፈረሰ፤ የሴቶቹ ቀጠለ። ከዓመታት በኋላ ባንኩ የወንዶቹን ቡድን መልሶ አቋቋመ፤ በ2015 ዓ.ም ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ፤ በ2016 ዓ.ም ሻምፒዮን ሆነ። ያ ቡድን ባይፈርስ ኖሮ ዋንጫው ይህን ያህል ይዘገይ ነበር ወይ? መልሱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ እዚያ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነውና። በአሜሪካ ፉትቦል (እንቁላል መሳዩ ኳስ በእጅ የሚያዝበት ማለቴ ነው) ኤን.ኤፍ.ኤል የሚባለው ሊግ 32 ቡድኖች አሉት፤ ከመካከላቸው የሚወርድ የለም። እንዲያውም በዓመቱ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ቡድን ከኮሌጅ ከሚወጡት ወጣት ተጫዋቾች መጀመሪያ የመምረጥ መብት ያገኛል። ስሙ ድራፍት ነው፤ የቢራው አይደለም። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን፣ ሐሳቡን ያቀረበው በርት ቤል የፊላደልፊያ ቡድን ባለቤት ነበር። የብሔራዊ ቴሌቪዥን ገቢውንም ቡድኖቹ እኩል ይካፈላሉ፤ የተሸነፈ አያንስበትም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ዲትሮይት ላየንስ 16 ጨዋታ አድርጎ 16ቱንም ተሸነፈ። አሠልጣኙ ተባረረ፤ ቡድኑ ግን በቀጣዩ ዓመት ማቲው ስታፎርድን በአንደኛነት መረጠ፤ በ2011 ለጥሎ ማለፉ በቃ። ክሊቭላንድ ብራውንስም በ2017 ያንኑ 0 ለ16 ደገመው። ደጋፊዎቹ በጥር ብርድ ስታዲየሙን እየዞሩ ሰልፍ ወጡ፤ ዙሪያውን የዞሩት የዜሮ ቅርጽ እንዲሠራ ነው። የሚስቁበት ቡድን በሚቀጥለው ዓመት እንደሚኖር ስለሚያውቁ ሳቁ። በ2020 የውድድር ዘመን ጥሎ ማለፍ ገብተው ፒትስበርግን አሸነፉ።

የአሜሪካው መንገድም እንከን አለው። አንዳንዱ ቡድን ምርጫው እንዳያመልጠው ሆን ብሎ ይሸነፋል እየተባለ ይታማል። ባለቤት ቡድኑን ጠቅልሎ ሌላ ከተማ ሊሄድም ይችላል፤ ከ1995 የውድድር ዘመን በኋላ የክሊቭላንዱ ባለቤት ቡድኑን ወደ ባልቲሞር ወስዶት ከተማዋ እስከ 1999 ያለ ቡድን ቆይታለች። ድራፍቱን እናምጣው ማለትም አልችልም፤ ከኮሌጅ ተጫዋች የሚፈልቅበት አገር የለንም፤ መውጣትና መውረድ ባይኖር ደግሞ ፋሲልም አይመጣም ነበር።

ለእኛ የሚቀርበው የእንግሊዞቹ ዘዴ ይመስለኛል። ከፕሪሚየር ሊግ የወረደ ክለብ እስከ ሦስት ዓመት ከቴሌቪዥን ገቢ ድርሻ ይከፈለዋል፤ «የፓራሹት ክፍያ» ይሉታል፤ ወዳቂው በአንዴ እንዳይፈጠፈጥ። የእኛም ሊግ በ2013 ዓ.ም የቴሌቪዥን ገንዘብ ማየት ጀምሯል። እኔ ብጠየቅ ሁለት ነገር አስገባ ነበር፦ ከዚህ ገንዘብ ለወረዱት ትንሽ ድርሻ፣ ከባለቤቱም ክለቡ ቢወርድ ቢያንስ ለሁለት ዓመት በጀቱን ላለማቋረጥ የሚፈርምበት ግዴታ። ግዴታውን የማይፈርም ፋብሪካ ወይም ባንክ ገና ሲጀመር ክለብ ባያቋቁም ይሻላል፤ ስሙን ማስተዋወቅ ብቻ ከሆነ ፍላጎቱ፣ የሌላውን ክለብ ማሊያ ስፖንሰር ማድረግ ይችላል።